ምዕራፍ ስድስት፦ አንድ ስቶርም ስንት ያስከፍላል?

በስታርክራፍት 2 ጌም የፕሮቶስ ወገን የሆነው ሃይ ቴምፕላር ሲያዩት የሚያስፈራ ተዋጊ አይደለም። አረማመዱ ዘገምተኛ ነው፤ 40 የሕይወት ነጥብና 40 የጋሻ ነጥብ ብቻ አለው፤ ብቻውን ከተገኘ ጥቂት እግረኞች በቅጽበት ይጥሉታል። እሱን ለማውጣት ግን 50 ማዕድንና 150 ጋዝ ይከፈላል፤ ጋዝ ደግሞ በስታርክራፍት 2 ውስጥ ሁልጊዜ የሚያጥር ሀብት ነው። ይህን ያህል የሚወጣበት አንድ ነገር ስለሚያውቅ ነው። ተጫዋቹ ቴምፕላሩን መርጦ፣ ከኪቦርዱ ላይ ቲን ተጭኖ፣ መሬቱ ላይ አንድ ቦታ ክሊክ ሲያደርግ ያ ቦታ በሰማያዊ መብረቅ ይሞላል። ተጫዋቾች ስቶርም የሚሉት ይህንን ነው። በክቡ ውስጥ የቆመውን ሁሉ፣ የጠላትን ከራስ ሳይለይ፣ 3 ሴኮንድ በማይሞላ ጊዜ 80 ነጥብ ይቀንስበታል።

የሰው ልጆች ወገን የሆኑት ቴራኖች የሚያሰልፉት ተራው እግረኛ ማሪን ይባላል፤ ያለው 45 ነጥብ ነው። 20 ማሪኖች ተጠጋግተው በቆሙበት አንድ ስቶርም ቢወርድና ባይነቃነቁ ጊዜው ሳያልቅ ሁሉም ያልቃሉ። እያንዳንዱ 50 ማዕድን ስለሚያወጣ 1,000 ማዕድን በአንድ ክሊክ ጠፋ ማለት ነው። ከዋነኛው ጨዋታ ይልቅ የውጤት ሰሌዳውን የሚያይ ሰው ይህን ሲሰማ ጌሙ ፍርደ ገምድል ነው ይላል። ነገር ግን 80 የሚለው ቁጥር እስከ መጨረሻው ለቆመ ብቻ ነው። የጊዜውን ግማሽ ተቀብሎ የወጣ ማሪን 40 ነጥብ አጥቶ በ5 ነጥብ ይተርፋል። ሩብ ጊዜ ብቻ የነካው ደግሞ ውጊያውን ይቀጥላል። ስለዚህ የስቶርሙን ኃይል የሚወስነው በዚያች ሴኮንድ የባላጋራው ዓይን የት ነበር የሚለው ነው። ሌላ ቦታ ቤት እየሠራ ከነበረ ጦሩ አልቋል። ዓይኑ እዚያው ከነበረ ጥቂት ሰው ብቻ ያጣል።

በዚህ ምዕራፍ የምናየው ይህንን ነው። በኦንላይን የጦርነት ጌሞች ውስጥ ያሉ ልዩ ችሎታዎች በማዕድን፣ በጋዝና በጊዜ ይገዛሉ፤ ሁሉም በቁጥር የተጻፈ ነው። ከነዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ በየትም ሰሌዳ ላይ ያልተጻፈ ዋጋ አላቸው፤ የተጫዋቹ ዓይንና እጅ። ማዕድን ሠራተኛ ሲበዛ ይበዛል። ዓይንና እጅ ግን ጨዋታው ሲጀመር በነበሩበት ልክ ይቀጥላሉ። ጥሩ ጌም ሠሪ የሚባለው ይህን አራተኛ ሀብት ቆጥሮ የሚያከፋፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ስታርክራፍት የብሊዛርድ ሥራ ነው። የመጀመሪያው በ1998 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ብሩድ ዋር የተባለው ተጨማሪው በዚያው ዓመት መጨረሻ ተከተለ፤ ስታርክራፍት 2 ደግሞ በ2010 መጣ። ሦስት ወገኖች አሉት፤ ሰዎቹ ቴራኖች፣ በቴክኖሎጂ የመጠቁት ፕሮቶሶች፣ እንደ ነፍሳት የሚፈለፈሉት ዘርጎች። ሦስቱም ሀብት ይሰበስባሉ፣ ቤት ይሠራሉ፣ ጦር ያወጣሉ፣ ይዋጋሉ። ተራ የሚባል ነገር የለም። እኔ ሳስብ ባላጋራዬ ይንቀሳቀሳል፤ እሱ ሲያስብ እኔ።

ይህ ለኢትዮጵያ የጨዋታ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በድሮው የሰንጠረዥ ጨዋታችን መክፈቻው ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት ጦራቸውን ያሰልፋሉ። አንደኛው የሌላውን አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ይህ ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በተራ መጫወት ይጀመራል። ጎበዝ ተጫዋች በወረራው ወቅት አንድ ዓይኑን ከባላጋራው እጅ አይነቅልም፤ እሱ ፈረሱን ያወጣበትን አይቶ የራሱን ያስተካክላል። የአውሮፓው ቼዝ ይህን አያውቅም። ስታርክራፍትን ከመጀመሪያው ሴኮንድ እስከ መጨረሻው ወረራው ያላለቀ ሰንጠረዥ ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። ልዩነቱ በሰንጠረዥ ፈረስ መዝለሉ፣ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት መሄዱ የማይለወጥና ነጻ መሆኑ ነው። በስታርክራፍት ግን እያንዳንዱ ዝላይ ዋጋ አለው።

የመጀመሪያው ዋጋ ኢነርጂ ነው። ሃይ ቴምፕላር ሲወለድ 50 ኢነርጂ ይዞ ነው፤ ስቶርም 75 ይጠይቃል። ኢነርጂ በስታርክራፍት 2 በሴኮንድ 0.7875 ይጨምራል። የቀሩትን 25 ለመሙላት 32 ሴኮንድ ያህል ይጠብቃል። እነዚህ 32 ሴኮንዶች ለባላጋራው የተሰጡ ናቸው። ቴምፕላሩ ሲመጣ ካየ፣ ሳይሞላ ቀድሞ ማጥቃት ይችላል። ከፍተኛው መጠን 200 ስለሆነ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ቴምፕላር ሁለት ስቶርም ጥሎ 50 ይተርፈዋል። ብዙ ቴምፕላር ያለውም ቢሆን ስቶርሙን አንድ ቦታ ላይ መደራረብ አይጠቅመውም፤ ሁለት ስቶርም እላይ በላይ ቢወርድ ጉዳቱ የአንድ ብቻ ነው።

ኢነርጂ ደግሞ የሚሰረቅ ነገር ነው። የቴራኑ ጎስት ኢኤምፒ የሚባል ፍንዳታ ይወረውራል፤ ያረፈበት ቦታ ላይ ያሉ ቴምፕላሮች ኢነርጂያቸው ይፈሳል፣ ጋሻቸውም ይቀልጣል። ቴምፕላሩም በበኩሉ ፊድባክ የሚል መልስ አለው፤ የጎስቱን ኢነርጂ ወደ ጉዳት ቀይሮ በራሱ ላይ ይመልሰዋል። ሁለት ትልልቅ ጦሮች ሊገናኙ ሲሉ ከፊታቸው ጎስቶችና ቴምፕላሮች ቀድመው ይፈላለጋሉ። ዋናው ውጊያ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በዚህ ፍለጋ ነው። ጦሮቹ ሲጋጩ የምናየው ውጤቱን ነው። ይህን ለማያውቅ ተመልካች አንዱ ወገን ያለ ምክንያት የቀለጠ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ዋጋ ሕይወት ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው። ማሪን ስቲም የሚባል መድኃኒት ይወጋል። ለ11 ሴኮንድ ሩጫውም ተኩሱም በግማሽ ይፈጥናል፤ ለዚህም ከራሱ ሕይወት 10 ነጥብ ይከፍላል። 10 ነጥብ ትንሽ ይመስላል። ሒሳቡን ከዘርጉ ቤንሊንግ ጋር እናስላው። ቤንሊንግ እየተንከባለለ መጥቶ ራሱን የሚያፈነዳ ዩኒት ነው፤ ማሪንን ጨምሮ ቀላል በሚባሉት ተዋጊዎች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት 35 ነው። ምንም ማሻሻያ ያልተደረገለት ማሪን 45 አለው፤ አንድ ቤንሊንግ ቢፈነዳበት በ10 ይተርፋል። ያው ማሪን ስቲም ከወጋ 35 ይቀረዋል። አንድ ቤንሊንግ ይገድለዋል፤ ልክ በነጥቡ። ይህን ያወቀ የቴራን ተጫዋች ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ስቲሙን ሳይወጋ ይሸሻል፣ ግን ቤንሊንግ ይደርስበታል። ወይ ወግቶ ይሮጣል፣ ግን ከደረሰበት አለቀ። ኮምባት ሺልድ የሚባለው ማሻሻያ ማሪኑን ወደ 55 ከፍ ሲያደርገው ሒሳቡ በአንዴ ይገለበጣል። ከስቲም በኋላ 45 ይቀረዋል፤ አንድ ፍንዳታ ተቋቁሞ መተኮስ ይችላል። ለአንዲት 10 ነጥብ የሚከፈለው ማዕድንና ጋዝ ለምን እንደሚያዋጣ የሚገባው ይህን ያሰላ ብቻ ነው።

ሒሳቡ ግን ከእጅ ጋር ካልሄደ ዋጋ የለውም። ቤንሊንጎች ሲመጡ ጎበዝ ተጫዋች ማሪኖቹን ስቲም አስወግቶ በቡድን በቡድን ይበትናቸዋል፤ ጥቂቶቹን ወደ ግራ፣ ጥቂቶቹን ወደ ቀኝ፣ የቀሩትን ወደ ኋላ። አንድ ፍንዳታ አሥር ሰው እንዳይወስድ ሁለት ብቻ እንዲወስድ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በ2 ወይም በ3 ሴኮንድ ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ ተጫዋቹ ቤቱን አያይም፤ ሠራተኛ አያዝም፤ አዲስ ጦር አያወጣም። ባላጋራው ይህን ስለሚያውቅ ቤንሊንጎቹን ከፊት እየላከ በጎን በኩል ዘርግሊንግ የሚባሉ ጥቂት ፈጣን ተዋጊዎችን ወደ ማዕድን ሠራተኞቹ ያስገባል። ለሠራተኞቹ የመጣው ሞት ሌላ ስክሪን ላይ ስለሆነ አይታይም።

ሦስተኛው ዋጋ ቦታ ነው። የቴራኑ ሲጅ ታንክ ሳይተከል ሲተኩስ 7 ርቀት ይደርሳል። ቆሞ እግሮቹን መሬት ላይ ሲተክል 13 ይደርሳል፤ የአንዱ ምቱ ጉዳትም ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ለመትከል ግን ጥቂት ሴኮንዶች ይፈልጋል፤ ለመንቀልም እንደዚያው። ከተተከለ በኋላ አንድ ጋት አይንቀሳቀስም፣ እግሩ ሥር የገባውንም ጠላት መምታት አይችልም። ሌላም ክፍተት አለበት፤ የዓይኑ ርቀት 11 ነው። የሚተኩሰውን ያህል አያይም። ስለዚህ ሙሉ ኃይሉን ለማግኘት ከፊቱ አንድ ማሪን ወይም የሚበር ነገር ቆሞ እንዲያይለት ያስፈልጋል። ያ ጠቋሚ ከሞተ ታንኩ ከሩቅ የሚመጣውን ሳያይ ይቀራል። ጌም ሠሪው በአንድ ዩኒት ውስጥ ረዳት የሚፈልግ ድክመት ማስቀመጡ ተጫዋቹ ብቻቸውን የሚበረቱ ተዋጊዎችን እንዳይደረድር ያስገድደዋል።

አራተኛው ዋጋ የራስ ወገን ነው። በብሩድ ዋር የዘርግ ዲፋይለር የራሱን ዘርግሊንግ በልቶ 50 ኢነርጂ ያገኛል። ዳርክ ስዋርም የሚባለው ብርቱካናማ ደመና 100 ኢነርጂ ያስወጣል። በደመናው ሥር ያለን የምድር ተዋጊ ከሩቅ የሚተኮስ ጥይት አይነካውም፤ ማሪኖች ምንም ቢተኩሱ ከንቱ ነው። ዘርግሊንግ ከአንድ እንቁላል ሁለት ይወጣል፤ ሁለቱ በ50 ማዕድን። ሁለት ዘርግሊንግ ማለት 100 ኢነርጂ፣ 100 ኢነርጂ ማለት አንድ ደመና ነው። የጌሙ ከባድ መከላከያ ዋጋው 50 ማዕድን፣ ማለትም የአንድ ማሪን ዋጋ ሆነ። ከዘርግ ጋር ረጅም ጨዋታ የገባ የቴራን ተጫዋች ለምን እንደሚጨንቀው ይህ ስሌት ይናገራል።

ምንም ቁልፍ የማይጫኑባቸው ችሎታዎችም አሉ፤ እዚህ ላይ ወደ ሌላ ጌም ጎራ እንበል። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በ2015 ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ የሚል ተጨማሪ ሲያወጣ ኢትዮጵያውያንን ከሚመረጡት ሥልጣኔዎች አንዱ አደረጋቸው፤ የዮዲት ታሪክም እንደ ዘመቻ ተጨመረ። የኢትዮጵያውያኑ ልዩ ተዋጊ ሾተል ታጣቂ ነው። የሚጫኑት ቁልፍ የለውም። ጠባዩ በሙሉ በቁጥሩ ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃው በአንድ ምት 16 ይመታል፣ ያለው ነጥብ ግን 40 ብቻ ነው። ከቤተ መንግሥቱ በር በ8 ሴኮንድ ይወጣል። ትጥቁ ስስ ስለሆነ ቀስተኛ ፊት ለፊት ካገኘው አይተርፍም፤ ከተጠጋ ግን ብዙ እግረኛ አይመክተውም። ኢትዮጵያውያኑ ቀስተኞችም ከሌላው ወገን 18 በመቶ ፈጥነው ይተኩሳሉ። በእነዚህ ላይ ተጫዋቹ በውጊያው መሐል ትኩረቱን አይከፍልም፤ የሚከፍለው ከውጊያው በፊት ነው፦ መቼ አወጣዋለሁ፣ ከየትኛው ጥግ አስገባዋለሁ፣ ለየትኛው ጠላት አላሰልፈውም። በቁጥር የተጻፈ ችሎታ ለጀማሪ ደግ ነው። ለተመልካች ግን ቁልፉ የሚጫንበትን ቅጽበት አያሳይም፤ ስለዚህም በውድድር መድረክ ላይ ሕዝብ ተነሥቶ የሚጮኸው ለስቶርም ነው።

ወደ ስቶርም እንመለስ፤ በሁለቱ ስታርክራፍቶች አስተያይተን ስናየው የምዕራፉ ዋና ነገር ይገለጣልና። በብሩድ ዋር ስቶርም 112 ነጥብ ይጎዳ ነበር፤ የማሪን ሕይወት ደግሞ 40 ብቻ ነበር። በወረቀት ላይ ከስታርክራፍት 2 እጅግ የከፋ ነው። በእጅ ግን ሌላ ነበር። በብሩድ ዋር ብዙ ቴምፕላሮችን በአንድ ላይ መርጦ ስቶርም ሲታዘዝ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይጥላሉ። ስቶርም ስለማይደራረብ አምስት ቴምፕላር ለአንድ ስቶርም ይባክናል። አምስት ስቶርም በአምስት ቦታ ለመጣል ተጫዋቹ አንዱን ቴምፕላር መርጦ፣ ቲ ተጭኖ፣ ክሊክ አድርጎ፣ ሁለተኛውን መርጦ፣ ቲ ተጭኖ፣ ክሊክ አድርጎ... እስከ አምስተኛው መሄድ ነበረበት። በተጨማሪም በአንድ ጊዜ ሊመረጥ የሚችለው 12 ዩኒት ብቻ ነበር። በጦርነት መሐል፣ ቴምፕላሮቹ ዛሎት በሚባሉት የፕሮቶስ እግረኞች እግር ሥር ተደባልቀው፣ ትክክለኛውን መርጦ ማግኘት ራሱ ሙያ ነበር።

ስታርክራፍት 2 ይህን አስተካከለ። አሁን አሥር ቴምፕላር ተመርጦ ስቶርም ቢታዘዝ አንዱ ብቻ ይጥላል፤ በተደጋጋሚ ክሊክ ሲደረግ ተራ በተራ ይጥላሉ። ጀማሪውም ጥሩ ስቶርም መጣል ቻለ። እንግዲህ የእጁ ዋጋ ሲወርድ ሌላው ዋጋ መውጣት ወይም ጉዳቱ መቀነስ ነበረበት፤ እኔ እንደምረዳው 112 ወደ 80 የወረደበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። የድሮው ጌም አፍቃሪዎች አዲሱ ሙያውን ገደለው ይላሉ። አዲሱን የሚመርጡት ሰው ከኮምፒዩተር ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር ይታገል ይላሉ። ሁለተኛውን ወገን አልፈርድበትም፤ ቢሆንም በድሮው አስቸጋሪነት ውስጥ የተጫዋቹ ማንነት የበለጠ ይታይ እንደነበር ይሰማኛል። አንድ ፕሮቶስ አምስት ስቶርም በአምስት ቦታ ሲያወርድ ተመልካቹ የሚያደንቀው ያንን ሰው ነበር።

በደቡብ ኮሪያ ይህ አድናቆት የሀገር ጉዳይ ሆነ። በሰፈር በሰፈሩ ፒሲ ባንግ የሚባሉ የኮምፒዩተር ቤቶች ተከፈቱ፤ ጌም ብቻ የሚያሳዩ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች መጡ። ኢም ዮ ህዋን በ2001 ቦክሰር በሚለው ስሙ ታላላቅ ዋንጫዎችን ሲወስድ የቴራን ንጉሠ ነገሥት ተባለ፤ የገነነውም ጥቂት ማሪኖችን ይዞ ሌላው በብዙ የማይሠራውን ስለሚሠራ ነበር። በ2004 በቡሳን ከተማ በጉዋንጋሊ የባሕር ዳርቻ የተደረገውን የቡድን ፍጻሜ 100,000 የሚጠጋ ሰው እንደታደመው ተዘግቧል። ያን ሁሉ ሕዝብ የሳበው ሰዎች ወሰን ባለው እጃቸው የሚያደርጉት ነገር ነው።

ብሩድ ዋር ራሱ ከ2001 በኋላ የጦር ሚዛኑ በሠሪዎቹ አልተነካም። ያም ሆኖ ተጫዋቾች አዲስ ችሎታ ማግኘታቸውን አላቆሙም፤ ሠሪዎቹ ያላሰቡትን ጭምር። ዘርግ የሚጫወቱ ሰዎች ሙታሊስክ የሚባሉ 11 በራሪ ተዋጊዎችን ርቆ ካለ አንድ ኦቨርሎርድ (ሌላ የዘርግ በራሪ) ጋር አንድ ቡድን ሲያደርጓቸው በራሪዎቹ ተበታትነው ከመብረር ይልቅ እላይ በላይ ተነባብረው እንደ አንድ ሆነው እንደሚበሩ ደረሱበት። አሥራ አንዱ በአንድ ጊዜ ይመታሉ፤ ባላጋራው አንዱን ለይቶ መተኮስ ይከብደዋል። ይህ በየትኛውም መመሪያ ላይ ያልነበረ ልዩ ችሎታ ነው። ሚዛኑን ለዓመታት ለወጠው።

ሠሪዎቹ ጣልቃ ሲገቡ ደግሞ ምን እንደሚነኩ ማየት ይጠቅማል። ስታርክራፍት 2 ሲወጣ ካይዳሪን አሚውሌት የሚባል ማሻሻያ ነበረው፤ አዲስ ቴምፕላር 25 ኢነርጂ ጨምሮ እንዲወለድ ያደርጋል። 50 ሲደመር 25፣ ልክ 75። ፕሮቶስ ደግሞ በዋርፕ ጌት ተዋጊዎቹን ፓይለን የሚባለው ሕንፃው በተተከለበት ቦታ ሁሉ በጥቂት ሴኮንድ ማውረድ ይችላል። ሁለቱ ሲገናኙ የሆነው ይህ ነው፦ ቴራኑ ጦሩን በአውሮፕላን ጭኖ የፕሮቶሱን ቤት ሊያጠቃ ይወርዳል፣ ፕሮቶሱ ያየዋል፣ በዚያው ፓይለን ሥር ቴምፕላር ያወርዳል፣ ቴምፕላሩ መሬት እንደረገጠ ስቶርም ይጥላል። ያ 32 ሴኮንድ ጠፋ። ቀድሞ ቴምፕላሮችን በየቤቱ ማስቀመጥ፣ ባላጋራው የት እንደሚመጣ መገመት፣ መጠበቅ፤ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ሆነ። በመጋቢት 2011 እ.ኤ.አ. ብሊዛርድ በማሻሻያ 1.3 አሚውሌቱን ከጌሙ አወጣው። የስቶርሙ 80 ነጥብ አልተነካም፤ 75 ኢነርጂውም አልተነካም። የተመለሰው መጠበቂያው ነው። ፕሮቶስ የሚጫወቱ ሰዎች ክፉኛ ቅር ተሰኝተው ነበር። ሆኖም ውሳኔው ትክክል ነበር፤ አስቀድሞ ማሰብን የማይጠይቅ ስቶርም ባላጋራውን ምርጫ ያሳጣዋል።

የእጅን ዋጋ በጉልህ ያሳየው ግን እጅ የሌለው ተጫዋች ነው። በጥር 2019 እ.ኤ.አ. ዲፕማይንድ የተባለው የለንደን ኩባንያ አልፋስታር የሚባል፣ ስታርክራፍት 2 የሚጫወት ሰው ሠራሽ አስተውሎት አሳየ። ጀርመናዊውን ተጫዋች ቲኤልኦን 5 ለ 0፣ ፖላንዳዊውን ማናን 5 ለ 0 አሸንፎ ነበር። ከማና ጋር ከተደረጉት በአንደኛው አልፋስታር በብዛት ያወጣው ስቶከር ነው። ስቶከር 80 ሕይወትና 80 ጋሻ ያለው የፕሮቶስ ተዋጊ ሲሆን ብሊንክ የሚባል ችሎታ አለው፤ ባለበት ጠፍቶ ጥቂት ርቀት ዘልሎ ይገለጣል፣ ከዚያ እንደገና እስኪዘል ጥቂት ሴኮንዶች ያርፋል። ማና በኢሞርታሎች መለሰለት። ኢሞርታል ለስቶከር የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ከሰው ጋር ቢሆን ማና ያሸንፍ ነበር።

አልፋስታር ስቶከሮቹን በሦስት አቅጣጫ ከፋፍሎ ከበበው። አንድ ስቶከር ጋሻው አልቆ ሊሞት ሲል፣ እሱ ብቻ፣ በብሊንክ ወደ ኋላ ይዘላል፤ የኢሞርታሉ ጥይት የሚተኮስበት አጥቶ ሌላ ይፈልጋል። ከኋላ ያረፈው ጋሻው ሲሞላ ይመለሳል። ይህን በአንዱ ግንባር ማድረግ የሚችሉ ሰዎች አሉ። በሦስቱም ግንባር በአንድ ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ስቶከር፣ ሳይሳሳት የሚያደርግ ሰው የለም። ዲፕማይንድ አልፋስታር በደቂቃ በአማካይ 280 ያህል ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፣ ይህም ከባለሙያዎቹ ያነሰ ነው ብሎ ነበር። አማካዩ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ከበባ ወቅት ትእዛዙ በደቂቃ ከ1,000 በላይ በሚሆን ፍጥነት ይወርድ ነበር፤ እያንዳንዱም ክሊክ ቦታውን አይስትም። በተጨማሪ ያ የአልፋስታር ዓይነት ካርታውን በስክሪን እያንሸራተተ አያይም ነበር፤ ለእሱ የሚታየው ቦታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታያል። ስለዚህ ብሊንክ በእሱ እጅ ሌላ ችሎታ ሆነ። የጌሙ ሠሪዎች ብሊንክን ሲመዝኑ በአንድ ጊዜ አንድ ስክሪን የሚያይ ሰው አስበው ነበር።

አልፋስታር ለሕዝብ በታየበት በዚያው የጥር ዕለት በቀጥታ ሥርጭት አንድ ተጨማሪ ግጥሚያ ተደረገ። ለዚህኛው የቀረበው አልፋስታር እንደ ሰው ካሜራውን ማንቀሳቀስ የሚጠበቅበት ነበር። ማና ሁለት ኢሞርታሎችን ዋርፕ ፕሪዝም በተባለ መጫኛ አሳፍሮ ወደ አልፋስታር ቤት ላከ። አወረዳቸው፣ መቱ፣ የአልፋስታር ጦር ሲመጣ አሳፍሮ አነሣቸው። ዋርፕ ፕሪዝም ተዋጊን ከርቀት ማንሣት ይችላል፤ ልዩ ችሎታው ይኸው ነው። አልፋስታር ስቶከሮቹን ሁሉ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ፕሪዝሙ ሄደ፤ ጦሩ ወጣ። ፕሪዝሙ ተመለሰ፤ ጦሩ እንደገና ወደ ቤቱ። በዚህ ምልልስ ማና ጊዜ ገዛ፣ ጦሩን አሟላ፣ ወጥቶም አሸነፈ።

ዲፕማይንድ ሥራውን በጥቅምት 2019 በኔቸር መጽሔት ሲያሳትም አልፋስታር ግራንድማስተር ደረጃ ደርሶ ነበር። ለዚህኛው ዓይነት ካሜራ ተደርጎለት ነበር፤ በየ5 ሴኮንዱ ሊሰጥ የሚችለውም ትእዛዝ በ22 ተገድቦ ነበር። ብሊንክን ማንም አልነካውም፤ የሚዘልበት ርቀትና የሚያርፍበት ጊዜ እንደነበረ ነው።